ከፎምና ከአቡጀዲድ የሚሳኤል ጀልባ ሞዴል እንዴት እንደሚሰራ (ጣና ላይ የተሞከረ)

እኛ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አለ። አጎቴ ነጭ የባህር ኃይል ልብሱን ለብሶ ምፅዋ ወደብ ላይ ቆሟል፣ ከኋላው ግራጫ ጀልባ አለች፣ ጀርባዋ ላይ አራት ትልልቅ በርሜል የመሰሉ ነገሮች ተጭነውባታል። ልጅ እያለሁ የነዳጅ በርሜል ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቀው "የለም ጃል፣ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሚሳኤል ነው የተኛው" አለኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ያቺ ጀልባ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ስሟ ኦሳ ነው፣ በራሺያኛ ተርብ ማለት ነው፣ ስሙን ያወጡላት ግን ኔቶዎች ናቸው፣ ለራሺያኖቹ ፕሮጀክት 205 ነች። ደርግ ጊዜ የኛ ባህር ኃይል የነበረው ሁለተኛውን አይነት ነው፣ ኦሳ ሁለት የሚባለውን።

እዚ የምጽፈው የዚችን ጀልባ ሞዴል ሰፈር ውስጥ በሚገኝ እቃ እንዴት እንደምትሰሯትና ውሃ ላይ እንደምታስኬዷት ነው። እኔ ሁለት ሰርቻለሁ። የመጀመሪያዋ ውሃ ስትነካ ተገለበጠች፣ ሁለተኛዋ ይሄው እስከዛሬ ባህርዳር ላይ ትሄዳለች፣ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ቀለምም ሞተርም አይደለም፣ ክብደቱ የት ነው የተቀመጠው የሚለው ብቻ ነው። ይሄን ነገር በእጃችሁ ስትሰሩት እውነተኛዋ ጀልባ ለምን እንደዛ እንደተሰራች፣ ለምን ትልልቅ መርከቦችን እንዳስፈራች፣ ለምን ደግሞ በቀላሉ እንደምትሞት ይገባችኋል፣ ማንበብ ብቻውን ያን ያህል አይሰጥም።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንስማማ፣ የምንሰራው የማይተኩስ ነገር ነው። የሚሳኤል ቱቦዎቹ ባዶ ናቸው፣ ባዶ ይሁኑ፣ ርችትም ክብሪትም ምንም አታስገቡበት።

እሺ ልኩ። እውነተኛዋ 38.6 ሜትር ትረዝማለች፣ ጎኗ 7.6 ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ክብደቷ ወደ 235 ቶን ነው። እኔ የመረጥኩት በ50 ማሳነስ ነው። ብዙ ሰው በ72 ወይ በ100 ይላል ግን እንደዛ ስታሳንሷት ሞተርና ባትሪ ማስገቢያ ቦታ ታጣላችሁ፣ ከዚ በላይ ስታሳድጓት ደግሞ በባጃጅ አትጫንም። በ50 ስናካፍል ርዝመቷ 77 ሴንቲ፣ ስፋቷ 15 ሴንቲ ይመጣል። እዚ ጋ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ክብደቱን ነው፣ ክብደት በ50 አይካፈልም፣ በርዝመትም በስፋትም በከፍታም ስላሳነስን 50 በ50 በ50 እናባዛና በ125,000 ነው የሚካፈለው፣ ስለዚ 235 ቶኑ 1.88 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ይሄን ቁጥር ግድግዳ ላይ ጻፉት። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ገላው፣ ቀለሙ ሁሉ ተደምሮ ከ1.88 ኪሎ መብለጥ የለበትም፣ ከበለጠ ጀልባዋ ከልኳ በላይ ትጠልቃለች። የሰፈር ባለሱቅ ሚዛን ይበቃል፣ እኔ አንድ እቃ በጨረስኩ ቁጥር ሱቅ ወስጄ እያስመዘንኩ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር።

ለገላው ፎም ነው የምትፈልጉት፣ ያ ነጩ፣ ቲቪና ፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው። እቃ ቤቶች ደጅ ላይ ይጥሉታል፣ ብትጠይቋቸው ይሰጧችኋል። ዋንዛም ሞክሬ ነበር፣ ዋንዛ ሲጠረብ ደስ ይላል ግን ውስጡን ቦርቡሮ ማቅለል ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ያውም መሮ ያለው ሰው ሲገኝ ነው። ፎሙን በ2 ሴንቲ ውፍረት አራት ቦታ ሰንጥቁት፣ ከላይ ሲታይ ያለውን የጀልባውን ቅርጽ ካርቶን ላይ ስላችሁ ቆርጣችሁ እሱን ፎሙ ላይ አስደግፋችሁ በሰጌቶ ምላጭ ወይ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ ቁረጡ። በጋለ ሽቦ መቁረጥ ይቀላል ግን ጭሱ መርዝ ነው፣ በተለይ ህፃን ያለበት ቤት አታርጉት። የታችኛው ንጣፍ ከላይኛው ጠበብ ይበል፣ አፍንጫው ይሹል፣ ኋላው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይሁን። አራቱን በእንጨት ኮላ አጣብቁና ከላይ ድንጋይ ጫኑበት አንድ ቀን ይደር። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እያሻሻችሁ ደረጃ ደረጃ የሆነውን ጎን ለስላሳ አርጉት፣ ከዛ መሀሉን ለሞተርና ለባትሪ በማንኪያ ቦርቡሩት፣ ከታች ግን 2 ሴንቲ ፎም ይቅር።

አሁን አደራ የምለው ነገር። ፎም ላይ ፖሊስተር ሬዚን፣ ያ የመኪና ቦዲ የሚሰሩበት ከፋይበር ጋር የሚቀባው፣ በቀጥታ አታፍሱ። እኔ አፍስሻለሁ። ሶስት ቀን የጠረብኩት አፍንጫ አይኔ እያየ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንደ ስኳር ሟሙቶ ጉድጓድ ሆነ። ስፕሬይ ቀለምም እንደዛው ነው የሚያረገው። መፍትሄው መጀመሪያ ፎሙን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ነው፣ አሮጌ አቡጀዲድ በሁለት ጣት ስፋት ቀዳችሁ በኮላ እየነከራችሁ ልክ እንደ ፋሻ እያደራረባችሁ ለጥፉ፣ ሁለት ዙር፣ የመጀመሪያው ደርቆ ሁለተኛው። ነጠላም ይሆናል ግን ሳሳ ስለሚል ሶስት ዙር ይፈልጋል። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ድው ድው ይላል፣ ያኔ ጥሩ ነው። ክፍት ቀዳዳ እንዳይኖር ብርሃን ላይ እያዞራችሁ እዩ ምክንያቱም ኮላው ራሱ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ውሃ የሚከለክለው ከላይ የሚቀባው የዘይት ቀለም ነው። ከውሃ መስመሩ በታች አንቲረስት ሁለቴ፣ ከላይ ግራጫ የዘይት ቀለም ሁለቴ። አንቲረስቱ ቀይ ቡኒ ስለሆነ ልክ እንደ እውነተኛ መርከብ ሆድ ነው የሚመስለው፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ማለት ነው። የውሃ መስመሩ ከታች ወደ ላይ 3 ሴንቲ ተኩል ላይ ይሰመር።

ሞተር። እውነተኛዋ ኦሳ ሁለት ያላት ሞተር ሶስት ዲዝል ነው፣ ኤም 504 ይባላል፣ እያንዳንዱ 56 ሲሊንደር አለው፣ አዎ 56፣ ስምንት ስምንት ሲሊንደር በሰባት ረድፍ ልክ እንደ ኮከብ ዙሪያውን ተደርድሮ፣ አንዱ 5,000 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ሶስቱ ተባብረው ያን 235 ቶን ወደ 40 ኖት ያስሮጡታል፣ በሰአት 74 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ከባህርዳር ደጀን መንገድ ላይ ሚኒባስ የሚሄደውን ያህል በሉት፣ ውሃ ላይ ግን። አጎቴ ሞተር ክፍል ውስጥ ስለነበር ይነግረኛል፣ ሲነሳ ጆሮ አይሰማም፣ በእጅ ምልክት ነው የሚነጋገሩት፣ እስከዛሬ ምግብ እየበላን ውሃ ሲፈልግ በእጁ ነው የሚያሳየን። ለሞዴላችን ግን አንድ ሞተር ይበቃል፣ መሀለኛው ይሽከረከር፣ ግራና ቀኙ ለመልክ ብቻ ይሁኑ።

ከየት ይገኛል ካላችሁ ከተበላሸ የልጅ ሪሞት መኪና፣ ተለቅ ካለው። ሞተሩን፣ ቦርዱን፣ ሪሞቱን፣ ባትሪውን ሁሉንም ከአንዱ መኪና አውጡ፣ አትቀላቅሉ። እኔ ጉልበት ይኑራት ብዬ የእጅ ድሪል ሞተር ከመጫወቻ ቦርድ ጋር አገናኝቼ ቦርዱ ተቃጠለ፣ የድሪል ሞተር የሚስበው ከረንት መጫወቻ ቦርድ የሚችለው አይደለም፣ ቦርዱና ሞተሩ ተጋብተው ነው የሚመጡት። የመኪናው የፊት ጎማ ማዞሪያም እንዳለ ተቆርጦ ይወጣል፣ ጎማውን አውልቃችሁ ማዞሪያውን በቀጭን ሽቦ ከጀልባው መሪ ጋር ታገናኙታላችሁ፣ መሪው እራሱ የድልህ ቆርቆሮ ቁራጭ ነው።

አክሱ፣ ሞተሩን ከፕሮፔለሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ማለት ነው፣ የሳይክል ራጂ ነው። ባህርዳር የሳይክል አገር ስለሆነች ራጂ አይቸግርም፣ የትኛውም ሳይክል ጠጋኝ ጋ የተጣመመ ሞልቷል፣ ቀጥ ያለውን ምረጡ፣ ጠረጴዛ ላይ አንከባልሉት፣ ከዘለለ ጣሉት። ራጂው 2 ሚሊ አካባቢ ነው ውፍረቱ፣ ልክ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ ፈልጉ፣ እኔ የእስክሪብቶ ቀለም መያዣ ቱቦ አጥቤ ነው የተጠቀምኩት። ቱቦውን ከጀልባው ኋላ በኩል ወደ ውስጥ ዘንበል አርጋችሁ ውጉና በስቱኮ ዙሪያውን ድፈኑ (ስቱኮውም ፎሙን እንዳይነካ፣ ቀዳዳው ውስጥ መጀመሪያ ኮላና ጨርቅ)። ከዛ ቱቦውን ግሪስ ሙሉ። ውሃ የሚገባው በዚ ቦታ ነው፣ ግሪሱ ነው በር የሚዘጋው። ፕሮፔለሩን ከድልህ ቆርቆሮ ሶስት ቅጠል አርጋችሁ ቁረጡ፣ ሶስቱንም እኩል ጠምዝዙ፣ መሀሉን ከራጂው ጋር በሶልደር ያዙ፣ የቆርቆሮው ጫፍ ምላጭ ስለሆነ በሞረድ አደብዝዙት። ቅጠሎቹ እኩል ካልሆኑ ጀልባዋ እንደታመመ ሰው ትንቀጠቀጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አራቱ ቱቦዎች።

ሚሳኤሉ ፒ 15 ይባላል፣ ምእራባውያኑ ስቲክስ ይሉታል። 5.8 ሜትር ይረዝማል፣ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፣ የሚፈነዳው ክፍሉ ብቻ 450 ኪሎ አካባቢ ነው፣ የመጀመሪያው አይነት 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከሱ በፊት ትልቅ መርከብ ለመምታት ወይ ሌላ ትልቅ መርከብ ከነመድፉ ያስፈልጋል ወይ አውሮፕላን፣ ወይ ደግሞ ቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ እየሄደ የሚመታ ፈንጂ) ይዛ አጠገቡ ድረስ ሄዳ የምትሞት ጀልባ። እኤአ ጥቅምት 21 ቀን 1967 ግብፆች ኮማር በሚባሉ ትንንሽ ጀልባዎች፣ ኮማር ትንኝ ማለት ነው፣ ከፖርት ሰይድ ሆነው ኢላት የምትባለውን የእስራኤል አጥፊ መርከብ በዚሁ ሚሳኤል መትተው አሰጠሟት፣ 47 ሰው ሞተ። ኮማር የእንጨት ጀልባ ነች እኮ፣ ሁለት ሚሳኤል ብቻ ነው የምትይዘው፣ ኢላት ደግሞ ከ1,700 ቶን በላይ ነች። የአለም ባህር ኃይሎች ሁሉ ሚሳኤል ጀልባ መግዛትና መስራት የተሻሙት ከዛ በኋላ ነው፣ ትልቅ መርከብ መግዛት የማይችል አገር ሁሉ ወደቡን ለመጠበቅ መንገድ ያገኘው በዚ ነው። ኦሳ ብቻዋን ከ400 በላይ ተሰርታለች።

አሁን ወደኔ ስህተት። የመጀመሪያዋ ሞዴሌ ላይ አራቱን ቱቦዎች ከወንበር ብረት ቱቦ ቆርጬ ነው የሰራሁት፣ ሲያዩት ያምራል፣ ክብ ነው፣ ቀለም ይቀበላል። ጣና ዳር ወስጄ ውሃ ላይ ሳስቀምጣት ለአንድ አፍታ ቆመች፣ ከዛ ወደ ቀኝ ዘንበል አለች፣ ትመለሳለች ብዬ ስጠብቅ ዝም ብላ ተገለበጠች፣ ቀዩ ሆዷ ወደ ሰማይ። አጠገቤ ታንኳቸውን እያደረቁ የነበሩ አንድ አዛውንት ዓሳ አስጋሪ ነበሩ። መጥተው አወጡልኝና በእጃቸው መዘን መዘን አርገው አዩዋት።

"ልጄ፣ እኛ ታንኳ ላይ እንጨት ስንጭን አይተሃል?"

"አይቻለሁ አባባ።"

"ሰውየው ቆሞ ነው የሚቀዝፈው?"

"የለም፣ ተቀምጦ ነው እንጂ።"

"አንተ ግን ሰዎቹን ሁሉ አስቁመሃቸዋል" አሉኝና ቱቦዎቹን በጣታቸው ነካ ነካ አረጓቸው።

ቤት ገብቼ ስመዝናቸው አራቱ 570 ግራም ሆኑ። በ125,000 ሳባዛው 71 ቶን። እውነተኛዎቹ አራት ሚሳኤሎች ተደምረው 10 ቶን አካባቢ ናቸው፣ መያዣቸው ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ 71 ቶን አይታሰብም። በኛ ልክ አንድ ሚሳኤል 20 ግራም ነው፣ አራት አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢሆን ነው። የሶቭየት መሀንዲሶች ያን ሁሉ ያውቁት ስለነበር ነው የኦሳን ገላ ከብረት፣ ከላይ ያለውን ቤቷን ደግሞ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የሰሩት፣ ከባዱ ከታች ቀላሉ ከላይ። እኔ ይሄን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር ግን የገባኝ አዛውንቱ ቱቦውን ሲነኩት ነው።

ስለዚ ቱቦዎቹን ከሶፍት መሀል ካለው የካርቶን ጥቅል ስሩ። 13 ሴንቲ ርዝመት ቁረጡ፣ አጭር ከሆነ ሁለት ቀጥሉ፣ በኮላ ንከሩት ይድረቅ፣ ከዛ የዘይት ቀለም። የመጀመሪያው አይነት፣ ኦሳ አንድ የሚባለው፣ መያዣው ሳጥን መሰል ነው፣ ኦሳ ሁለት ላይ ግን ክብ ነው፣ የኛን ጊዜዋን ከፈለጋችሁ ክቡን ነው የምትሰሩት። ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ አራቱም አፋቸው ወደ ፊትና ወደ ላይ ቀና ያለ፣ የኋላዎቹ ከፊተኞቹ በላይ እንዲተኩሱ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ይሄን አቀማመጥ ካበላሻችሁ ሰው ኦሳ መሆኗን አያውቅም፣ ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይሄ አይጉደል።

ቤቷን ከካርቶን፣ ሁለቱን ባለ 30 ሚሊ መድፍ ማማዎች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ከጠርሙስ ክዳንና ከጥርስ መፋቂያ እንጨት ስሩ። መድፎቹ አውሮፕላን ለመከላከል ተብለው ነው የተሰሩት። እኤአ 1991 ባህረ ሰላጤው ጦርነት ላይ ግን የእንግሊዝ ሊንክስ ሄሊኮፕተሮች ሲ ስኩዋ የሚባል ትንሽ ሚሳኤል ይዘው የኢራቅን ጀልባዎች ከሩቅ ሆነው ለቀሟቸው፣ መድፉ አይደርስባቸውም። ትንሽ ጀልባ ሰማዩን የሚጠብቅላት ከሌለ እንደዛ ነው እጣዋ።

ምሰሶውን ከሽቦ ሳይሆን ከቀርቀሃ ስንጣሪ ስሩት፣ ቀላል ነው። እላዩ ላይ ኢላማ የሚፈልገው ራዳር፣ ከኋላ በኩል ደግሞ ክብ ቆብ የመሰለ ሁለቱን መድፎች የሚያዘው ራዳር። ስለ ምሰሶ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚሳኤል ካለ 40 ኪሎ ሜትር መምታት ይቻላል ብሎ ነው የሚያስበው። ጣና ዳር ቆማችሁ ስታዩ ውሃው ሰማይ የሚነካበት መስመር አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም፣ መሬት ክብ ስለሆነች ማለት ነው። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ስትወጡ ግን በጣም ይሰፋል። ራዳርም እንደዛው ነው ማለት ይቻላል፣ ዝቅ ያለች ጀልባ ላይ የተተከለ ራዳር ብዙ አያይም፣ ስለዚ ወደብ የሚጠብቅ ሰው ራዳሩን ተራራ ላይ ያስቀምጥና ለጀልባዋ በሬድዮ ይነግራታል፣ ጀልባዋ ራዳሯን አጥፍታ ደሴት ጥግ ትደበቃለች። ዳህላክን አስቡት፣ ከ100 በላይ ደሴት። አጎቴ "ደሴቱ ነው ጋሻችን" ይል ነበር።

ምሰሶው አጠገብ ትንንሽ ሳጥኖች ብትጨምሩ ጥሩ ነው፣ የብረት ስንጥር ወደ ሰማይ የሚበትኑ ማለት ነው፣ ሁሉም ኦሳ ላይ ባይኖሩም። ለምን መሰላችሁ፣ ጥቅምት 1973 እኤአ ላታኪያ አጠገብ አምስት የእስራኤል ጀልባዎች ከሶሪያ ኮማርና ኦሳ ጋር ሌሊት ተገናኙ። የሶሪያዎቹ ስቲክስ 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ገብርኤል የሚባለው የእስራኤሎቹ ሚሳኤል ደግሞ 20 ብቻ፣ ስለዚ መጀመሪያ የሚተኩሰው ሶሪያ ነው። ተኮሱም። ግን እስራኤሎቹ ስንጥሩን በትነው፣ በኤሌክትሮኒክስም አሳውረው ሚሳኤሎቹ አንድም አላገኛቸውም፣ ከዛ ተጠግተው አምስት የሶሪያ መርከብና ጀልባ አሰጠሙ። ያኔ ነው ሁለት የሚሳኤል ጀልባ ኃይሎች ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ የተዋጉት።

ባትሪ ላይ ብዙ አልልም፣ መኪናው ይዞት የመጣው ይበቃል፣ ሊቲየም ከሆነ በራሱ ቻርጀር ብቻ ቻርጅ አርጉ፣ ካበጠ ጣሉት፣ ሌሊት ተሰክቶ አይደር። 20 ደቂቃ ብትሄድላችሁ ደህና ነው። እውነተኛዋም ሩቅ አትሄድም፣ ህንዶች እኤአ ታህሳስ 1971 ካራቺን በኦሳ ሲመቱ ነዳጃቸው እንዳያልቅ ነዳጅ የምትጭን መርከብ አስከትለው ነው የሄዱት፣ ሌሊት ደርሰው ካይበር የሚባለውን የፓኪስታን አጥፊ መርከብ አሰጥመው ተመለሱ። ወደብ መጠበቂያ ተብላ የተሰራች ጀልባ የሰው ወደብ ድረስ ሄዳ መታች፣ ህንዶቹ ጎበዞች ነበሩ።

አሁን ሁሉንም መዝኑ። የኔ ሁለተኛዋ ገላ ከነቀለሙ 450 ግራም፣ ሞተርና አክስ 120፣ ባትሪ 200፣ ቦርድና ማዞሪያ 60፣ ቤትና ቱቦ ምናምን 200፣ ድምሩ 1,030። 1.88 ኪሎ ለመድረስ 850 ግራም ይቀራል፣ እሱን ነው ከታች ሆዷ ውስጥ የምትሞሉት። እርሳስ ይጠቀማሉ ሌላ አገር፣ እኔ ግን ልጆች ስለሚነኩት አልወደውም፣ ዳዶና ብሎን በላስቲክ ጠቅልዬ መሀል መሀሉን ከታች ደርድሬ በፎም ቁራጭ አጣብቄ ነው ያስቀመጥኩት። እንዳይንቀሳቀስ! ጀልባዋ ስታዘነብል ክብደቱ ወደ ያዘነበለችበት ከተንሸራተተ እሱ ራሱ ነው የሚገለብጣት።

ሀይቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ሞክሯት። ሳፋ አይበቃትም፣ 77 ሴንቲ ነች፣ ጓሮ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ላስቲክ አንጥፋችሁ ውሃ ሙሉት፣ ገጠር ላይ የመስኖ ውሃ የሚያጠራቅሙበት አይነት። ውሃው የሰመራችሁት መስመር ጋ መድረሱን እዩ፣ አፍንጫዋ ከጠለቀ ዳዶውን ወደ ኋላ፣ ኋላዋ ከጠለቀ ወደ ፊት። ከዛ አንድ ጎኗን በጣታችሁ 2 ሴንቲ ያህል ተጫኑና ድንገት ልቀቁ። ቶሎ ተመልሳ ቀጥ ካለች ጨርሳችኋል። እየዘገየች፣ እያመነታች ከተመለሰች ከላይ ከባድ ነገር አለ፣ ቀንሱ። ይሄን ሙከራ ያሳየኝ አጎቴ ነው።

ጣና ላይ ጠዋት ነው ጥሩው፣ ከ12 ሰአት እስከ 3 ሰአት፣ ከሰአት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ማእበሉ ለእኛ ትንሽ ቢመስልም በ50 አባዙት፣ 4 ሴንቲ ሞገድ ለሷ የ2 ሜትር ማእበል ነው። አባይ ከሀይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ አትሞክሩ። እምቦጭ ያለበት ቦታም ፕሮፔለሩን ይጠመጥመዋል። ውሃ ውስጥ ቆማችሁ አትጫወቱ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ዳር ሆናችሁ ነው ሪሞቱን የምትይዙት፣ ለመጎተቻ ቀጭን ገመድ ከኋላዋ እሰሩባት ምክንያቱም የመጫወቻ ሪሞት 20 እና 30 ሜትር ላይ ይጠፋል፣ ከጠፋ በታንኳ ነው የምትመጣው። የጥበቃ ሰው ካለ ቀድማችሁ አሳዩትና አስፈቅዱ፣ ጊዜው ጊዜ ስለሆነ ከሩቅ የሚያይ ሰው እንዳይደነግጥ፣ እኔ ጎኗ ላይ በትልቁ ሞዴል ብዬ ጽፌያለሁ። አዊ አካባቢ ያላችሁ ዘንገና አለላችሁ፣ ዙሪያው ገደል ስለሆነ ነፋስ ብዙ አይነካውም፣ ግን ጥልቅ ስለሆነ ልጆች ብቻቸውን አይሂዱ። ማርቆስ ያላችሁ በጉድጓዱ ትወጡታላችሁ።

ስትጨርሱ ክዳኗን ከፍታችሁ ውሃ ከገባ አፍስሱ፣ ጥላ ስር አድርቋት፣ ፀሀይ ላይ አይሆንም አቡጀዲዱ ይሰነጠቃል፣ ባትሪውን አውጡ፣ ለሚቀጥለው ደግሞ ቱቦው ውስጥ ግሪስ ጨምሩ። ባለፈው ጠዋት አጎቴን ይዤው ሄድኩ። መጀመሪያ ሳያናግረኝ ጎንበስ ብሎ ጎኗን በጣቱ ተጫነና ለቀቃት፣ ወዲያው ተመለሰች፣ ደገማት፣ ተመለሰች፣ ከዛ ሪሞቱን ስጠኝ ብሎ በእጁ ምልክት አሳየኝ።